ፌስታል የጠፋበት ኩሽና

«ሻዩ ውስጥ ጨው የጨመረው ማነው?!»

ባልየው ኩሽና ገብቶ በሹክሹክታ ይጮኻል...

ሳሎን የተቀመጡት የመሥሪያ ቤት አለቃው አንዴ ፉት ብለው ብርጭቆውን ቀስ አድርገው መልሰውታል። ጨዋ ሰው ናቸውና «ቆንጆ ሻይ ነው» ብለዋል። ፊታቸው ግን ሁሉንም ተናግሯል።

ሚስትየው ወደ አማቷ ዞረች።

«እማማ... ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል እኮ!»

«ተሳሳትኩ ልጄ» አሉ እማማ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ሚስትየው መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። አንድ ቀን የቤቷን ቆሻሻ ስታወጣ አብዛኛው ፌስታል መሆኑን አየችና «በቃ!» አለች።

ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ አስቤዛ ሲወጣ የጨርቅ ቦርሳ ይይዛል። ስኳሩ፣ ጨዉ፣ ሩዙ፣ የዱቄት ወተቱ፣ የልብስ ዱቄት ሳሙናው ሳይቀር ከቤት በተያዘ ጠርሙስ እየተመዘነ ይገዛል።

ባለሱቁ መጀመሪያ ሳቀባት... ከዚያ ለመደ። ባልየው እንኳ አንዴ ቦርሳውን ረስቶ ድንቹን በጃኬት ኪሱ አጭቆ መጥቷል!

እውነት ለመናገር ጎበዝ ናት። ክፉ ሠራች የሚላት የለም።

መደርደሪያው ላይ ቁመታቸውም መልካቸውም አንድ የሆኑ ጠርሙሶች ተሰለፉ። እንደ መድኃኒት ብልቃጥ በደቃቅ ቆንጆ ጽሑፏ የእያንዳንዱን ስም ለጠፈችባቸው። ፎቶ አንስታ ፖስት አደረገችው... ላይኩ ዘነበ።

ያልተደሰቱት እማማ ብቻ ነበሩ።

«ልጄ... እነዚያን የቋጠርኳቸውን ፌስታሎች ብቻ ተዪልኝ» ብለው ለመኗት።

«እማማ ደግሞ! ፌስታል ምን ያደርግልዎታል?» ብላ እየሳቀች ጠራርጋ ጣለቻቸው። በሆዷ «የድሮ ሰው እልህ» አለች።

ከሻዩ በኋላ ነገሩ ባሰ። ሾርባው ስኳር ስኳር አለ። እማማ «ሲያልቅ አያምር» ብለው በራሳቸው ቀለዱ፤ ሁሉም ሳቀ።

አንድ ጠዋት ግን ሳቁ ቀረ...

እማማ ለትንሿ የልጅ ልጃቸው ወተት በጠበጡላት። ሕፃኗ ብርጭቆውን ወደ አፏ ስታስጠጋ እናቷ ድንገት ዞር ብላ አየች።

ወተቱ አረፋ ደፍቋል!

ሮጣ ከእጇ ነጠቀቻት። የልብስ ሳሙና ነበር...

እማማ ግድግዳውን ተደገፉ።

«ከዛሬ ጀምሮ ኩሽና አይገቡም!» አለች ሚስትየው። እያለቀሰች ነበር። እናት ናት... ማን ይፈርድባታል?

ባልየው በረንዳ ላይ አወጣት።

«እማዬ ጃጅታለች መሰለኝ» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ። «እህቴ ጋ እወስዳታለሁ። እሷ ቀኑን ሙሉ ቤት ናት... ትጠብቃታለች።»

በሩ ክፍት ነበር። እማማ ሰሙ። ማንም ሳያዛቸው ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ ማጠፍ ጀመሩ።

በነጋታው አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ...

ሚስትየው እራት ጥዳ ነበር። ስልኳም ቻርጅ ጨርሷል። መደርደሪያውን በዳበሳ ያዘችው።

አንዱን ጠርሙስ ነካች... ሌላውን ነካች... ሁሉም ያው!

አንዱን ከፍታ ቀመሰች፤ ስኳር ነው። ሁለተኛውን ከፍታ ጣቷን ወደ ምላሷ ልታስጠጋ ስትል ሳሙናው ትዝ አላት። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ኧረ እዚህ ቤት ጨው ማግኘት አይቻልም እንዴ!» ብላ ተነጫነጨች።

ከበሩ በኩል የእማማ ድምፅ መጣ።

«ለእኔ መብራት ከጠፋብኝ ቆየ ልጄ...»

«ምን አሉ እማማ?»

«ዓይኔ ከደከመ ብዙ ጊዜው ነው። ጥላ ጥላውን ነው የማየው። ጨዉን አንድ ቋጠሮ፣ ስኳሩን ሁለት አድርጌ አስረው ነበር። ሳሙናውን ደግሞ ልጆቹ እንዳይፈቱት ጣቴን እስኪያመኝ አጠብቀው ነበር። እጄ ሁሉንም ያውቀው ነበር። ፌስታሎቹን ስትጥያቸው... እጄም ታወረ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?!»

«ዓይኔ ደከመ ካልኩ 'አርፈሽ ተቀመጪ' ትሉኛላችሁ። ከኩሽና ከወጣሁ እዚህ ቤት እንግዳ ልሆን ነው እኮ... ግን ትናንት ልጅቷን ልገድላት ነበር። ውሰዱኝ። ልክ ናችሁ።»

ሚስትየው እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

መድኃኒት ቤት ቆማ የማታውቃቸውን ሽማግሌዎች «ጽሑፉ ይታይዎታል? ላንብብልዎት?» ስትል ነው የምትውለው። አብረዋት የሚኖሩትን ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀቻቸውም። ይህ ነው ያስለቀሳት።

ባልየው ይህን ሲሰማ ሻንጣውን ራሱ ፈታው። በማግስቱ እናቱን ይዞ የሄደው እህቱ ጋ ሳይሆን ዓይን ሐኪም ዘንድ ነው። ሐኪሙ የዓይን ሞራ መሆኑንና በቀዶ ጥገና ሊወገድ እንደሚችል ነገራቸው። ከዚያ ወደ ልጅየው ዞሮ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለው።

እዚያው ነበሩ... አንድ ጣሪያ ሥር!

ፌስታሉስ? አልተመለሰም። ጨዉ ጣሳ ውስጥ ገባ፣ ስኳሩ ወደ ሌላ ትልቅ ጠርሙስ ተዛወረ፣ ሳሙናው ጭራሽ ከኩሽና ወጣ። ቦታ ቦታውን የመረጡት እማማ ናቸው።

«እኔ እኮ የጨርቅ ቦርሳውን ጠልቼው አይደለም» አሉ። «ያማከረኝ ስለሌለ ነው እንጂ።»

ወዳጆቼ... ቤታችንን ከፌስታል ማጽዳት ደግ ሥራ ነው፤ ይቀጥል! ግን አንድ ሰው «ይህን ተዉልኝ» ብሎ ሲለምን ሁልጊዜ እልህ አይደለም። አንዳንዴ ያ ነገር ወድቆ እንዳይታይ ደግፎ ያቆመው ምርኩዙ ነው። ደግሞም ብዙዎቻችን «ለምን?» ብለን እንጠይቃለን... መልሱን ግን ቆመን አንሰማም።

እስቲ እውነቱን ጻፉልኝ... እናንተ ቤት «እልኸኛ» ወይም «ጃጀ» ተብሎ የተተወው ሰው ማነው? ከእናንተ የደበቀው ነገር ምን ይሆን?