የድልድዩ ሜዳሊያ

ዳምጤ ከሰሜን ጦር ግንባር ለእናቱ ለባየች በላከው ደብዳቤ፣ «የአያቴ ሜዳሊያ የምን መታሰቢያ እንደሆነ አጣርተሽ ጻፊልኝ» ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። በ1981 ግን መልሱን አዘጋጅታ ልትጠብቀው ብላ፣ የጠቆረውን ሜዳሊያ ከአባቷ ሣጥን አውጥታ አሰበ ተፈሪ ገበያ ላሉት አንጥረኛ ለአቶ አምባው ወሰደችላቸው።

ሽማግሌው በሎሚና በአመድ ፈገፈጉት።

«የድልድይ ምረቃ መታሰቢያ ነው፤ 1925 ይላል» አሏት።

ባየች ደስ አላት፤ የምትጽፍለት ነገር አገኘች። ሽማግሌው ጀርባውን ሲፈገፍጉ ግን እጃቸው ቆመ።

«ምነው አባቴ?»

«በምስማር የተጫረ ጽሑፍ አለ፣ ልጄ። ከጥቁረቱ ሥር ስለነበር ሃምሳ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም።»

ተቀብላ አየችው። ወደ ግራ የሚያጋድለው የዳምጤ የእጅ ጽሑፍ ነው።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ በር በሩን አትዪ» ይላል።