የጾም ጎመን

በጾም ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ የሚያበስል ሰው እንኳ አይቀምስም። ሴትዮዋ ግን በዚህ ተቸግራ አታውቅም። ባሏ የስኳር ሕመምተኛ ስለነበር የንስሐ አባቱ ከጾም ነፃ አድርገውታል፤ ጨው የሚቀምስላት እሱ ነበር። መልሱ ምንጊዜም አንድ ነው፤ «ትንሽ ቆንጠር አድርጊበት።» ይህን ስለምታውቅ መጀመሪያውኑ አሳንሳ ትጨምራለች።

ዛሬ ጎመኑ ብዙ ነው። ጎረቤቶቿ ሲከትፉ አርፍደው በትልቁ ብረት ድስት ጥደውላታል። ነጭ ሽንኩርቱና ቃሪያው ገብቶ እንፋሎቱ ጓሮውን ሞልቶታል። ጨዉን እንደ ልማዷ አሳንሳ ጨመረች፤ በማንኪያ ጨለፈችና ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት ዞረች።

«አንተ፣ እስቲ ጨዉን ቅመስልኝ!»

ድንች የሚልጡት ሴቶች እጃቸውን ገቱ። እሷ ማንኪያዋን እንደዘረጋች ቆመች። ጎረቤቷ አሰገደች ተነሥታ ማንኪያውን ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደች።

«ይሁን እትዬ፣ እንዲሁ እናውጣው» አለቻት።

ከቅዳሴ በኋላ ድንኳኑ በሰው ሞላ። ቄሱ የባሏን የአርባ ቀን ተዝካር ባርከው ማዕዱ ቀረበ። ሰው ሁሉ ጎመኑን ጎረሰ፤ ቀና ብሎም አያት።

ጨው አምጡ ያለ አልነበረም።