ኪኒን የማይበግረው ጭርት

በጡረተኛው ልብስ ሰፊ ክንድ ላይ ጭርት ሲወጣ ጥፋተኛዋ ወዲያው ታወቀች፤ የልጃቸው ድመት። ጀርባዋ ተመላልጦ፣ ጆሮዋ ቆስሎ፣ የቤቱን ወንበሮች ተራ በተራ እየተኛችባቸው ትባርክ ነበር።

«ወይ ይቺን ወይዘሮ ታስወጫታለሽ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ» አሉ አባት። ልጅቷ የትኛው እንደሚሻል ማሰብ ስለጀመረች ነገሩን ደግመው አላነሱትም።

የእንስሳት ሐኪሙ ለድመቷ ቅባት ሰጠ። ድመቷ ልሳ ጨረሰችው። የሚዋጥ መድኃኒት እንደሌለው፣ በወሩ መጨረሻ ካልተሻላት በመርፌ ለዘላለም እንደሚያሳርፋት ነገራቸው፤ የጥርስ ቀጠሮ የሚሰጥ ነበር የሚመስለው። ልጅቷ አለቀሰች። አባት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ኪሎ ትመዝናለች?

ለአባት ደግሞ የቆዳ ሐኪሙ ኪኒን አዘዘ። ጭርቱ ሰፋ። ሌላ ኪኒን አዘዘ። ጭርቱ አንገታቸው ላይ ወጣ። ሐኪሙ ፈንገሱ መድኃኒቱን ለምዶታል ብሎ ደመደመ፤ ለባልደረቦቹ የሚያሳየው ፎቶም አነሳ። የከፋው አይመስልም ነበር።

አባት ኪኒናቸውን ልጃቸው ፊት ይጎርሳሉ። ውሃ አይፈልጉም። መረረዎት ወይ ስትላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ አፋቸውን እንደገጠሙ ወደ ጓሮ ይወጣሉ።

ጎረቤታቸው እትዬ በሐኪሞቹ ሳቁ። ነጭ ሽንኩርት በኮምጣጤ ቀጥቅጠው ድመቷንም አባትንም ቀቡ። ቤቱ እንግዳ የማይደፍረው ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ድመቷ ጠጉር አበቀለች፤ እትዬም ሰፈሩን እየዞሩ አወሩ። አባትን ለምን እንዳላዳናቸው ሲጠየቁ «የሽማግሌ ቆዳ ግትር ነው» አሉ።

አንድ ቀን ልጅቷ ጓሮ ያለውን የድመቷን የወተት ሳህን ስታነሳ ሥሩ ላይ የዘቀጠ ነጭ ዱቄት አየች። ኪሎዋን የጠየቁት ትዝ አላት። ድመቷ ድና ከመርፌው ስታመልጥ የአባቷ ትዕግሥት አለቀ ማለት ነው፤ መርዝ መስጠት ጀመሩ ብላ ደመደመች።

በማግስቱ አባት አዲሱን ኪኒን ጎርሰው ሲወጡ መጥረጊያ ይዛ ተከተለቻቸው። ከተሰጣው ልብስ ጀርባ ቁጢጥ ብለው፣ ድመቷን በጉልበታቸው መሀል ይዘው መንጋጋዋን ሲከፍቱ ደረሰች።

«እንደ ትናንቱ ወተትሽ ውስጥ እንዳትተፊው ወይዘሮ» አሉ፣ ኪኒኑን ከምላሳቸው ሥር እያወጡ፤ «ዛሬ ጠንከር ያለ ነው ያዘዘልን።»