ከሳውናው አግዳሚ ሥር የተገኘው ሸሚዝ

"አውልቀው አባዬ! የግራጫው ሸሚዝህ ብብት እኮ ቢጫ ሆኗል..."

"ላቤ ነው እንጂ ነውሬ ነው እንዴ?"

"ጎረቤቶቹ ቅዳሜ ለሳውና፣ በእንፋሎት ለመታጠብ ሲመጡ ምን ይሉኛል?"

ሽማግሌው ታውኖ ሳቀ።

"ሳውና የሚገባው ራቁት ነው... ሸሚዜን ማን ሊያየው ነው?"

ሂልካ ግን አልሳቀችም።

የአባቷ ላብ ያሳፍራት ነበር። እሱ እንጨት ሲፈልጥ ይውላል... እሷ የሸሚዞቹን ብብት በኮምጣጤ ትዘፈዝፋለች፣ በቤኪንግ ሶዳ ታሻለች፣ ከቤቱ ፊት ባለው ሐይቅ ዳር ታሰጣለች።

ሸሚዞቹ ጉሙ ውስጥ ሲወዛወዙ፣ ከውሃው ተነስተው ሊበሩ ያሰቡ ነጫጭ ወፎች ይመስሉ ነበር...

ግራጫው ሸሚዝ ብቻ ጠፋ።

"የት አደረግከው?"

"እኔ እንጃ ልጄ... ረሳሁት።"

እውነትም ያን ሰሞን መርሳት ጀምሮ ነበር።

አንድ ማለዳ አንሶላውን አጥባ ስትመለስ... አባቷ የለም። ያለው አንድ ጥንድ ጫማ ነው፣ እሱንም አድርጎት ሄዷል።

ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ጫካ ነው። ማለቂያ የሌለው ጫካ...

ሂልካ ደውላ እርዳታ ጠራች። ሥራዋ የጠፋ ሰው መፈለግ የሆነ ሴት ከነውሻዋ ደረሰች።

"እሱ የለበሰው፣ ያልታጠበ ልብስ ስጪኝ።"

ሂልካ ከቁም ሳጥኑ የአባቷን ሸሚዝ አወጣች። ውሻው አሸተተ... አነጠሰው... ቁጭ አለ።

"እህቴ፣ ይሄ ኮምጣጤ ነው የሚሸተው። ሌላ የለሽም?"

አልነበራትም። አባቷን ከገዛ ቤቱ አጥባ አስወጥታዋለች።

ሰው እንዳያያት ሳውናው ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ምድጃው ቀዝቅዟል። ከአግዳሚው ሥር፣ ሳውና ውስጥ ገላ ከሚመታበት የበርች ዛፍ ቅጠል እስር ኋላ፣ የተወተፈ ነገር አየች።

ግራጫው ሸሚዝ!

አልረሳውም ነበር። ከእሷ ደብቆት ነው።

ፊቷን ቀበረችበት... እንጨት፣ ጭስ፣ ላብ... በልጅነቷ እንቅልፍ ይወስዳት የነበረበት ትከሻ።

ውሻው አንዴ አሸተተውና ጫካው ውስጥ ገባ።

ታውኖን ብሉቤሪ በሚባለው የጫካ ፍሬ ቁጥቋጦ መሃል ተጋድሞ አገኙት፤ ብርድ ያንቀጠቅጠዋል፣ ከንፈሩ በፍሬው ጠቁሯል።

ሸሚዙን በእጇ ሲያይ ደነገጠ።

"አገኘሽብኝ?"

"አገኘሁት አባዬ... ይቅር በለኝ። ሁለተኛ አላጥበውም።"

ሽማግሌው አንዴ አሸተተው።

"ኧረ እጠቢው ልጄ... ውሻው እንኳን ሸሽቶ እዚህ ደርሷል!"

ወዳጆቼ... የምናፍርበት የወላጆቻችን ላብ፣ ሲጠፉብን ወደ እነሱ የሚያደርሰን መንገድ ነው።

እናንተስ? ከአባት ከእናታችሁ ላይ አጥባችሁ ልታስለቅቁት የቸኮላችሁት ነገር ምንድን ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።

ሂልካንም... እባካችሁ ይቅር በሏት።