ከኋላ የሚመጣ መልስ

በሩሲያዋ ኡፋ ከተማ የወታደር ምልመላ ቢሮ የአሥራ አንደኛ ክፍል ወንዶች በሙታንቲ ብቻ በስም ተራቸው ተሰልፈው፣ አስተማሪያቸው በር ላይ ልብሳቸውን ትጠብቅ ነበር። እናቱ «በዓይኑ ድክመት ከውትድርና ይተርፍልኛል» የምትለው ኢልዳር፣ መነጽሩን ከሱሪው ጋር ትቶ የዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ፊት ተገተረ። ያለ መነጽር ሰውን ከግድግዳ አይለይም። ሐኪሟ ትንሿን ፊደል በዱላ ነካች።

«ይቺስ?»

ከኋላው የቆመው ራሚል፣ ክፍል ውስጥ አስተማሪ ኢልዳርን ባፋጠጠው ቁጥር እንደሚያደርገው፣ ሳያስበው ሹክ አለው፤ «ካ።»

«ካ» አለ ኢልዳር። እንዲህ እያሉ እስከ መጨረሻው መስመር ወረዱ። ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ አረፈ።

«ዕድሜ ላንተ፣ አምስት ከአምስት ደፈንኩ!» ኢልዳር ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አነበበ። «ዓይን፦ ለውትድርና ብቁ» ይላል። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ቀጣይ!»

ራሚል ሰሌዳው ፊት ቆመ። ፊደሎቹ እስከ ታች ጥርት ብለው ታዩት። ከኋላው የኢልዳር ሹክሹክታ መጣ፤ «አይታየኝም በል።»