የማን ምእመን ነበር?

ሣጥኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ሲጠብቁ፣ የሚጸልይ ሰው ጠፋ። ሟቹ፣ የልብስ ሰፊዋ አባት፣ ጸሎት ሳያደርስ ቀኑን የማይጀምር ክርስቲያን ነበር፤ ግን የአንድም ቤተ ክርስቲያን አባል አልነበረም። አጎቷ፣ «እኛ ዘንድ አልተመዘገበም» አለ። የሌላ ቤተ እምነት ተከታይ የሆነችው አክስቷም፣ «እኛም ስንት ጊዜ ለምነነው እንቢ ብሎናል» አለችና አንገቷን ደፋች።

«እንግዲያው እኔ እጸልያለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«በምን ሥልጣንሽ?» አጎቷ ተቆጣ።

«በልጅነቴ ነዋ፣ ጋሼ! አባቴን እንደ ግንድ አላስቀብረውም።»

መርፌ የበሳሳውን ጣቷን ሣጥኑ ላይ አሳርፋ «አባታችን ሆይ» ብላ ጀመረች። ይቅር በለን የሚለው ላይ ስትደርስ ግን እንባ ቀደማትና አቋረጠች። ያን ጊዜ አጎቷ ኮፍያውን አወለቀና መሬት መሬቱን እያየ፣ እሷ ካቆመችበት ቀጠለላት። አክስቷም ድምጿን አሰማች። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ ሁለቱንም እስከ አሜን መራቻቸው።