ቆመው የደረቁት ባሕር ዛፎች

የደብሩ ደን ጠባቂ በላይነህ አምስተኛውን ባሕር ዛፍ ያገኘው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቅርፊቱ ከወገብ ከፍታ ላይ ዙሪያውን ተልጧል። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ግን እንደ ሌሎቹ አራቱ ቆሞ መድረቁ አይቀርም። ሰኞ ጠዋት ሲያየው ደህና ነበር።

ከጋፋት ማዶ ባለው በዚህ ደብር እርጥብ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው። ደረቁን ግን ሰበካ ጉባኤው ለቸገረው ሰው ይሰጣል። ዘንድሮ ደረቅ እንጨት የለመነው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጣሪያው የፈረሰበት ሲሳይ።

በላይነህ የደብሩን አስተዳዳሪ መምሬ ምሕረትአብን ሊነግራቸው ሄደ። ከአንዱ ደረቅ ባሕር ዛፍ ሥር ጎንበስ ብለው አገኛቸው።

«እየው እስቲ፣ የወይራ ችግኝ» አሉት። «ወፎቹ ደረቁ ቅርንጫፍ ላይ እያረፉ ነው ፍሬውን የሚጥሉት። ይኸ ዛፍ በሕይወት ሳለ ከሥሩ ሣር እንኳ አላስበቀለም።»

«መምሬ፣ እኔ ስለ ሌባ ነው የምነግርዎት። ሲሳይ ነው።»

«ሲሳይ አይደለም።»

«በምን አወቁ?»

መምሬ በችግኙ ዙሪያ ድንጋይ መደርደር ጀመሩ።

በላይነህ በዚያው ዕለት ሲሳይን መንገድ ላይ ጠብቆ ያዘው።

«አንተ ሌባ! በታቦቱ ዛፍ ነው ጣሪያ የምታቆም?»

«ኧረ በላይነህ! ትናንት ቀኑን ሙሉ አንበሳሜ ከተማ ነበርኩ፤ የአገሩ ሰው አይቶኛል።»

«እንግዲያ ሰው ልከሃላ!»

ሲሳይ ክንዱን ያዘው። «ልጄ አርባ ቀኑ ሊሞላ ነው፣ ወንድሜ። ስሜን አታጥፋ። አስገዝተህ ክርስትናውን እንዳታስቀርብኝ።»

በላይነህ ግን ቆርጦ ተነሥቶ ነበር። እሑድ ቅዳሴው እንዳበቃ ብድግ አለ።

«መምሬ፣ ዛፉን የላጠውን ይገዝቱልን!»

ሕዝቡ ተቀበለው። ሲሳይ አጠገብ የነበሩት ሁሉ ፈቀቅ ፈቀቅ አሉ። «ምነው ዝም አሉ? ዘመዳቸው ነው እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

መምሬ ብቻውን የቀረውን ሲሳይን ትክ ብለው አዩት።

«ግዝት ቀላል ነገር አይደለም፣ ልጆቼ። በሌላ በማንም ላይ አይወድቅም፤ የሚወድቀው ባደረገው ላይ ነው።»

«ይውደቅበት!» አለ ሕዝቡ።

መምሬ መስቀላቸውን አነሡ።

«ዛፎቹን የላጠ ሰው፣ ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ቅጥር አይግባ። ውጭ ቆሞ ያስቀድስ። ገዝቻለሁ!»

ከሁሉም በላይ ጮኾ «አሜን» ያለው ሲሳይ ነበር።

በላይነህ የሲሳይን እግር እያየ ጠበቀ። ሲሳይ ከቦታው አልተነቃነቀም።

መምሬ ምሕረትአብ መስቀሉን ለዲያቆኑ አስረከቡ፤ በሕዝቡ መካከል አልፈው በበሩ ወጡና፣ ከቅጥሩ ውጭ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው ቆሙ።